ጣና ላይ ከሞተሩ ትልቅነት በፊት ፕሮፔለሩ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን ወደቡ ላይ የሚወራው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ ሞተር ሁሉ ይውጣና በትልቅ ይተካ ይባላል። ነገሩ ስላሳሰበኝ ነው የምጽፍላችሁ። በእኔ እምነት ጀልባዎቻችንን የሚጎዳቸው የሞተሩ እርጅና ሳይሆን ከጀልባው ጋር አለመስማማቱ ነው።

ከአጎቴ የወረስኩት የእንጨት ጀልባ ስድስት ሜትር ርዝመት አለው። ሆዱ ክብ፣ እንጨቱ ከባድ ነው። የሚገፋው በፈረንጆቹ 1957 የወጣው ባለ 18 የፈረስ ጉልበት ጆንሰን የተባለ ሞተር ነው። ጀልባው ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ስለሆነ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ባለ 40 ቢሰቀልበት ኋላው ይዘቅጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ሳንቃም ይሰነጠቃል። ፍጥነቱ ግን ያን ያህል አይጨምርም።

የሐይቁን ከፍታ የሚያስብም ጥቂት ሰው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ የእኔው 18 እዚህ 15 ገደማ ሆኖ ነው የሚሠራው። በባሕር ጠለል ደረጃ ላለ አገር የተመረጠ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው) እዚህ ሞተሩን ይከብደዋል። ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ዙሩ ካልወጣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ያኔ መለወጥ ያለበት ፕሮፔለሩ ነው፤ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ይግባለት።

አሮጌው ጆንሰን ለከፍታችን የሚመችበት ምክንያት አለ። ፊቱ ላይ የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) መርፌዎች የሚያስተካክሉ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ ለዝግታ፣ ሌላው ለፍጥነት። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቤንዚኑ ለስሱ አየር እንዲመጠን የፍጥነቱን ቀስ እያልኩ ወደ ቀኝ አዞራለሁ፤ ማስነጠስ ሲጀምር ትንሽ መልሼ እከፍታለሁ። ጭሱ ይሳሳል፣ ድምፁም ይጠራል። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ለዚህች ሥራ ካርቡራተራቸው ተፈትቶ ውስጡ መለወጥ አለበት።

ዘይቱን ግን አደራ። የዚህ ሞተር ቅይጥ 24 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን ከ800 ሚሊ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። 50 ለ1 የለመደ ልጅ በዚያው ልክ ከሞላለት የውስጥ ብረቱ ይበላላል። ያልተቃጠለ ዘይት ወደ ሐይቁ መግባቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወደ ዘጌ ሰው ለሚያመላልሱት ፎር ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀልበት ሞተር) ይሻላል ባይ ነኝ። እምቦጭ በበዛበት ዳርቻ ደግሞ የትኛውም ሞተር ይጥፋና በመቅዘፊያ ይታለፍ።

የጀልባ ማኅበራትን የምለምነው፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላ ሳንቃውን ቁመት ለኩ። 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አጭር እግር (ከሳንቃው ወደ ውሃው የሚወርደው የሞተሩ ክፍል)፣ 51 ገደማ ከሆነ ረጅም እግር ያለው ሞተር ይገዛ። ሻጮችም ሞተሩን ብቻ አታምጡልን፤ ለጣና ከፍታ የሚሆነውን ፕሮፔለር ጨምራችሁ አቅርቡ፣ ፒቹንም ደረሰኙ ላይ ጻፉት።

የጀልባ ሞተር መካኒክ፣ ከባሕር ዳር