የገዳዩን ስም ተዉትና የመጽሐፉን ተራ ቁጥር ንገሩን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

አንባቢዎች ስለ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ያላቸውን አስተያየት የሚያካፍሉበትን ገጽ ከጀመራችሁ ወዲህ ጋዜጣችሁን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ለምጃለሁ። ቀጥሎ የማቀርበው ቅሬታ ስለሆነ፣ ገጹ እንዲቀጥል ከሚፈልጉት አንዱ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር። አስተያየት ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ «ልብ አንጠልጣይ» መሆኑን ይነግሩናል፤ አንዳንዶቹም ሳይጠየቁ ገዳዩን በስሙ ይጠሩልናል። መጽሐፉ ከተከታታዩ ስንተኛው እንደሆነ ግን አንዳቸውም ጽፈው አላየሁም።

በመሀል አዲስ አበባ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ተከታታይ ልብ ወለድን በተርታ አያገኝም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ የሚገኘው በዕለቱ የመጣው ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ዛሬ ይገኛል፣ አንደኛው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ብቅ ይላል፣ ሁለተኛው ጭራሽ አይመጣም። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማኪያቶ ይዘን መጻሕፍት መለዋወጥ ከጀመርን ብዙ ዓመታችን ነው። ስንገናኝበት የነበረው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እኛም ወደ አራት ኪሎ ወጥተናል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያጣላን ነገር ቢኖር የትኛው መርማሪ ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፣ ማን የቱን ከቱ አስቀድሞ አነበበ የሚለው ነው።

ለምሳሌ አንደኛው ጓደኛችን ከኤርኩል ፖይሮ ጋር የተዋወቀው በመጨረሻው መጽሐፍ ነው። አጋታ ክሪስቲ ይህን ቤልጂየማዊ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ አስተዋውቃን፣ በ33 ልብ ወለዶች ውስጥ ካመላለሰችው በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ ባስቀመጠችውና በ1975 በታተመው ታሪክ አርጅቶና ታሞ ወደዚያው ቤት ትመልሰዋለች። ኒውዮርክ ታይምስ በነሐሴ ወር 1975 በፊት ገጹ የፖይሮን ዜና ዕረፍት አውጥቶ ስለነበር መሞቱን መናገሬ ምስጢር እንደማውጣት አይቆጠርብኝ፤ ጋዜጣው ቀድሞኛል። ያ ጓደኛችን ግን ዛሬም ፖይሮ በተነሣ ቁጥር «እኔ የማውቀው በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሽማግሌ ነው» ይለናል። ወደ ቤቱ መመለሱ ምን ያህል እንደሚያሳዝን ያልገባው የማስተዋል ጉድለት ኖሮበት አይደለም፤ ሲሄድ ያላየውን ሰው ሲመለስ ስላየው ነው።

ተራ ቁጥር አለመጥቀስ ፍርድንም ያዛባል። በቅርቡ በገጻችሁ የጻፉ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ሼርሎክ ሆልምስ ከሞተ በኋላ በታዋቂው የውሻ ታሪክ ውስጥ በሕይወት መገኘቱን የደራሲው የመርሳት ስህተት አድርገው አቅርበዋል። ደራሲው አልረሳም። አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን እ.ኤ.አ. በ1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ካለ ፏፏቴ ሥር አስቀርቶት ነበር። በ1901 መውጣት የጀመረው የውሻው ታሪክ ደግሞ ከዚያ ሞት በፊት እንደተፈጸመ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ ሆልምስ ጭራሹን አለመሞቱ የተነገረን በ1903 ነው። መጽሐፉ የታተመበት ቅደም ተከተልና ድርጊቱ የተፈጸመበት ቅደም ተከተል የተለያዩ መሆናቸውን ያላወቀ አንባቢ፣ ትክክል የሆነውን ስህተት፣ ስህተት የሆነውን ትክክል ይለዋል። ስህተት ለሚፈልግማ ሞልቷል፤ የሆልምስ ጓደኛና የታሪኮቹ ተራኪ ዶክተር ዋትሰን በ1887 በወጣው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ከአፍጋኒስታን ጦርነት ትከሻውን ቆስሎ ይመጣል፣ በሁለተኛው ልብ ወለድ ግን ቁስሉ ወደ እግሩ ወርዷል። ይህን የሚይዘው ሁለቱን በተርታ ያነበበ ሰው ነው። አራቱን ልብ ወለዶችና 56ቱን አጫጭር ታሪኮች እንደ አንድ ሥራ እንዳይ ያደረገኝም ይኸው የዋትሰን ቁስል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ገዳዩ ስም ልመለስ። አንድ ሰው «ደራሲው አጭበርብሮኛል» ብሎ ሲጽፍ ማስረጃው የገዳዩን ማንነት ማውጣት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ማስረጃው ፍንጩ መጽሐፉ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ለዓመታት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው በመሆኔ የምስክር ቃል ብዙ አንብቤያለሁ። እውነተኛ ምስክር ስለ ጎረቤቱ ላም፣ ስለ ዕድሩ ገንዘብና ስለ ቀኑ ሙቀት ሲያወራ ውሎ ፍሬ ነገሩ ከሁሉም መካከል ይገኛል ወይም አይገኝም። በመርማሪ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ላሟም ፍሬ ነገር ልትሆን ትችላለች፤ አንባቢው ገንዘብ የከፈለው ለዚህ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣቸው አሥር ደንቦች ውስጥ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይሸሽግ፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይልም በምርመራው እንዳይገባ ያዘዘው ለዚሁ ነው። በ1926 የታተመ አንድ የፖይሮ ታሪክ ይህን ሐቀኝነት ጠብቋል ወይስ ጥሷል በሚለው አንባቢዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ጠብቋል ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ግን መጽሐፉን ላላነበበው ሰው ስል አልጽፈውም። አስተያየት ሰጪዎቻችሁም እንዲህ ቢያደርጉ አስተያየታቸው አይጎድልበትም።

የኖክስን ሁለተኛ ክልከላ እኛ ከማንም በተሻለ እንረዳዋለን። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ነበር፤ አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው በገመድ ይዘው ይከተሉታል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማስረጃ የለ፣ መከራከሪያ የለ። ከዚህ የተለየው አውጫጭኝ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የማይበተንበት ሥርዓት ነበር፤ የደረሰውን ጥፋት ሕዝቡ በጋራ የሚከፍልበትም ጊዜ ነበር። መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ በሩን ከዘጋ በኋላ አንድ በአንድ የሚናገርበትን የመጨረሻ ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ አውጫጭኝ ነው። እንዲህ ያለ ቅርስ እያለን፣ በአማርኛ የሚጻፉ አንዳንድ ታሪኮች መርማሪያቸውን በሚያዝያ ፀሐይ ካፖርት አልብሰው ቸርችል ጎዳና ላይ ለምን እንደሚያቆሙት አይገባኝም። ገጻችሁ ይህን የሚጠይቅ አስተያየት እስካሁን አላስተናገደም።

አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ስለጻፋት የቦትስዋና ሴት መርማሪ «ግድያ የሌለበት ምን ምርመራ አለ» ብለው ለጻፉት አንባቢ በአጭሩ እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ ተከታታይ ሴትየዋ አባቷ ያወረሳትን ከብት ሸጣ ቢሮ በመክፈቷ ይነሣል። የጠፋ ባልና የማይታመን ሠራተኛ የሚመረመርበት ታሪክ ለእኛ ሰፈር ከለንደን ጭጋግ የቀረበ ነው።

ትርጉሞችን በሚመለከት ነገሩ የባሰ ነው። የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች እያነበበ ያደገው ትውልዴ ተርጓሚው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዛሬ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አሳታሚ ያወጣውን መጽሐፍ ገዝቼ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣ ቀድሞ በሌላ ርዕስ ያነበብኩት ታሪክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የመጀመሪያ ርዕሱም፣ ተራ ቁጥሩም፣ የተርጓሚው ስምም አልነበረበትም። ገንዘቤን ማስመለስ አልቻልኩም፤ በገጻችሁ አንድ ሰው አስቀድሞ ጽፎት ቢሆን ግን ባልገዛሁት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ አስተያየት በላይ መጽሐፉ ከተከታታዩ ስንተኛው እንደሆነ፣ በመጀመሪያ የታተመበት ዓመት፣ ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስምና የመጀመሪያው ርዕስ ይጻፍ፤ መጨረሻውን የሚገልጥ ዓረፍተ ነገር ያለበት ጽሑፍም ለጸሐፊው ተመልሶ ይታረም። በነካ እጃችሁም አንድ ማስታወቂያ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። የቦትስዋናው ተከታታይ አንደኛውና ሦስተኛው ክፍል በእጄ ይገኛሉ፤ ሁለተኛው ያለው አንባቢ ለአንድ ወር ቢያውሰኝ ሁለቱንም በምላሹ አውሰዋለሁ፣ በውስጣቸው ምን እንደሚሆንም አልነግረውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ