ኮብሉ ከተነጠፈ በኋላ የሚቆፈረው ነገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በትንንሽ ከተሞቻችን ነዋሪው አዋጥቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጨምሮበት የተነጠፈ የኮብል መንገድ ክረምት ሳይወጣ የሚሰምጠው ብዙውን ጊዜ በድንጋዩ ጥራት አይደለም። ለውሃ መስመር ይቆፈራል፤ ቧንቧው ይቀበርና ያው የወጣው መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ባንዴ ተመልሶ ይሞላበታል፤ ድንጋዩ ከላይ ይደረደራል። አፈሩ ዝናብ ሲጠግብ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የባጃጅ ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ ይሆናል።

መረሬው መመለስ የለበትም። ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት በየደረጃው ይጠቅጠቅ። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ። ድንጋዩ ከነባሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይደርደር፤ ሲመታ እኩል ይሆናል። ክፍተቱም በአሸዋ ይሞላ። የተነቀለ የጠርዝ ድንጋይ በሲሚንቶ ካልተመለሰ ረድፉ ሁሉ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ይህን የማያውቅ ፎርማን የለም፤ የሚቆጣጠረው ስለሌለ ያልፈዋል እንጂ።

የሚሻለው ግን ንጣፉ ሳይጀመር መንገዱን አቋርጦ ባዶ ቱቦ መቅበር ነው፤ ነገ የሚመጣው መስመር በዚያ ያልፋል። ማዘጋጃ ቤቶችም የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጡ ማስያዣ ይቀበሉ፤ ገንዘቡ የሚመለሰው አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይሁን።

የመንገድ ሥራ ባለሙያ