ለሲቲካር ጥገና ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው ሥራና አንድ ውሳኔ

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ የ1976ቷን (እ.ኤ.አ.) ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪናችንን፣ የሲቲካርን፣ አሮጌ ባትሪዎች እናወጣለን፤ በምን እንደምንተካቸውም እንወስናለን። የምንገናኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በተለመደው ጋራዥ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 9) ነው።

ስምንቱ ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ከባድ ናቸው። አሲድ ፈስሶ የማስቀመጫውን አንድ ጥግ በልቶታል፤ ብሎኖቹም ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ቤኪንግ ሶዳ ያዙ። ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅር። የመኪናዋ አካል ፕላስቲክ ስለሆነ አሴቶን እንዳታስነኩት፣ ያሟሟዋል።

የምንወስነው ይህንን ነው፦ በእርሳሶቹ ፋንታ 16 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች (ነጠላ የሊቲየም ባትሪዎች) በተከታታይ ሲያያዙ 51.2 ቮልት ይሰጣሉ፤ ክብደቱም በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ቻርጀሩ መለወጥ፣ የሴል መቆጣጠሪያም መግባት አለበት። የፍጥነት መቆጣጠሪያውስ? የድሮው በደረጃ ስለሚዘል መኪናዋ ስትነሳ ትነጥራለች። እኔ ኤሌክትሮኒኩን እመርጣለሁ፤ ሞተሩ ግን የጥንቱ ይሁን። የሚነሳው ዕቃ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ፤ ነገ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚፈልግ አይጠፋም።

መምጣት አለመምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ፒክአፕ ያላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁን፤ አሮጌዎቹ ባትሪዎች በዕለቱ ወደ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ መድረስ አለባቸው።