ዱቄቱንስ ማን ሰጠው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ከአርሰናልና ከማንቸስተር ወጣ ብሎ የዋሽንግተኑን የቤዝቦል ክለብ የናሽናልስን አሰልጣኝ ቅያሪ ማንሳቱ ደስ አሰኝቶኛል። እዚህ አካባቢ ስንቶቻችን ከስታዲየሙ በሚወጣው ሰው እንጀራ እንደምንበላ ታውቃላችሁ። ዘገባችሁ ግን እንደ ሁላችንም የሰውየው ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አዎ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ብሌክ ቡቴራ በ2025 ሲቀጠር ገና 33 ዓመቱ ነበር። ከ1972 ወዲህ በዋናው ሊግ እንዲህ ያለ ወጣት አሰልጣኝ አልታየም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የቀጠረው የክለቡ አለቃ ፖል ቶቦኒም ያኔ 35 ዓመቱ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ በታክሲ ተራችን አንዱ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሳቅን። ዱቄቱንስ ማን ሰጠው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ለማያዘወትሩት ላስረዳ። የቤዝቦል አሰልጣኝ እንደ እግር ኳሱ ሱፍ ለብሶ መስመር ዳር አይጮህም። የተጫዋቾቹን ማልያ ለብሶ አብሯቸው ይቀመጣል፤ በስድስት ወር ገደማ 162 ጨዋታ፣ ማለት በየቀኑ ለማለት ትንሽ ይቀረዋል። ሥራው ጎልቶ የሚታየው ወርዋሪው፣ ማለት ኳሷን ለተቃራኒው ቡድን መቺዎች የሚወረውረው ተጫዋች፣ ሲደክም ነው። ቀስ ብሎ ወደ ሜዳው መሃል ይሄድና ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጥቶ እጁን ይዘረጋል፤ ኳሷን ይቀበላል። መቺዎቹ አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ዙር ሲያገኙት አወራወሩን ይለምዱታል፤ ስለዚህ መቼ እንደሚወጣ ዛሬ ዛሬ ቀድሞ በቢሮ በቁጥር ይሰላል። ስድቡ ግን ቢሮ አይደርስም። አውጥቶት ከተሸነፉ ለምን አወጣው፣ ትቶት ከተሸነፉ ለምን ተወው ነው።

ቡቴራ ደግሞ ከመንገድ የተገኘ ልጅ አይደለም። ለታምፓ ቤይ ሬይስ ተጫዋች በሚያፈሩት የታችኛው ሊግ ቡድኖች ውስጥ በ25 ዓመቱ ማሠልጠን ጀምሮ፣ በ2021 እና በ2022 ከቻርለስተን ጋር በተከታታይ ዋንጫ በልቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕድሜው ሳይሆን የክለቡ ጠባይ ነው። ይህ ክለብ ለአሰልጣኝ ጊዜ መስጠት ይጨንቀዋል። በጁን 2011 ቡድኑ ከ12 ጨዋታ 11ዱን ባሸነፈበት ሰሞን አሰልጣኙ ጂም ሪግልማን ስለ ቀጣዩ ዓመት ውሌ እንነጋገር ቢል አሻፈረኝ አሉት። የዚያን ቀን ጨዋታ አሸንፎ ሥራውን ጥሎ ሄደ። በ2015 ደግሞ ከአሰልጣኝ በድ ብላክ ጋር ሊፈራረሙ ደርሰው፣ ያቀረቡለት ውል አነሰበትና ነገሩ ፈረሰ ተብሎ በሰፊው ተዘገበ። በእሱ ፈንታ የመጣው ደስቲ ቤከር በ2016 95 ጨዋታ፣ በ2017 97 ጨዋታ አሸነፈ። በሁለቱም ዓመት ጥሎ ማለፉ ላይ በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ጨዋታ ተሸነፈ፤ በቃ፣ ውሉ አልታደሰም። ሰውየው በ2022 ከሂውስተን ጋር የዎርልድ ሲሪስን፣ ማለት የዋናውን ሊግ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ።

የ2017ቱን ሽንፈት አልረሳውም። ከቺካጎ ጋር 9 ለ 8 ነበር፤ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ስታዲየሙ ባለበት ሰፈር በኔቪ ያርድ አጠገብ አንድ ሽማግሌና ልጃቸው ታክሲዬ ውስጥ ገቡልኝ። ልጁ ቀይ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ድልድዩን እስክንሻገር አልተናገረም። ከዚያ «አሁን ደስቲን ያባርሩታል» አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ከሳምንት በኋላ የልጁ ነገር ደረሰ።

አንድ ጊዜ ብቻ ታግሰዋል። በሜይ 2019 በዴቭ ማርቲኔዝ ሥር ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ከተማው በሙሉ ይባረር አለ። አላባረሩትም፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ሂውስተን ላይ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ ግን ኮከቦቹን ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን በ2021፣ ሁዋን ሶቶን በ2022 ለሌላ ክለብ አሳልፈው ሰጥተው ማርቲኔዝን ጀማሪ ልጆች አስታቀፉት። በሽሮ ዶሮ ወጥ ሥራ እንደማለት ነው። (በሶቶ ልውውጥ የመጡት ጄምስ ዉድና ሲጄ ኤብራምስ ጎበዞች ናቸው፤ እሱን አልክድም።) በጁላይ 2025 ማርቲኔዝንም፣ ቡድኑን ለዓመታት የገነባውን ማይክ ሪዞንም በአንድ ቀን አሰናበቱ። የቀረውን በጊዜያዊ አሰልጣኝ ጨረሱና ዓመቱ በ96 ሽንፈት አለቀ።

እንግዲህ ቡቴራ የተረከበው ይህን ቤት ነው። ሽማግሌ አሰልጣኝ ቢያመጡለት ኖሮ ያው 96 ሽንፈት ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሽንፈቱ ሲደራረብ «ልጅ ነው ብለን ነበር» የሚል ርዕስ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ባለቤቶቹ ከውድድሩ በፊት ስንት ብር አውጥተው ማንን እንደገዙለት አብራችሁ ጻፉልን።

ከዚያ ተረተኛ ጓደኛዬ ጋር በቡና ተወራርደናል። እሱ ሁለት ዓመት አይሞላም ብሏል፣ እኔ አራት ብያለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ የተወራረድኩት ልጁን አምኜ እንጂ ባለቤቶቹን አምኜ አይደለም፤ የቡናውን ሂሳብ ከአሁኑ ለይቼ አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታክሲ ሾፌር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ