አባዬ፣ ለእማዬ ጮክ ብለህ እንዳታነበው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከግራ እጄ አንጓ በቀር ደህና ነኝ። እሱ ጀሶ ውስጥ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ሁሌ ላውድ ላይ ስለምታደርገው ነው።

የዓይንህ ቀጠሮስ? ደብረ ማርቆስ ሄድክ ወይስ አሁንም "ከአጨዳ በኋላ" እያልክ ነው? የሞራ ቀዶ ጥገና እኮ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ያስመልሳል። እስከዚያ ይህን በደህናው ዓይንህ አንብበው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረችው አሉ። ትልቁ በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ ስለ ጥጃህ ነው።

እሺ፣ ልንገርህ። መብረር የምማርባት ሄሊኮፕተር ወደቀች። ከሰማይ አይደለም፣ አትደንግጥ። ሆቨር የሚሉት ልምምድ አለ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ብድግ ብሎ አንድ ቦታ ላይ መቆም። ቀላል ይመስላል። ግራ እጅህ ማንሻውን ይይዛል፣ ቀኝ እጅህ መሪውን፣ እግሮችህ ፔዳሎቹን። አንዱን ስትነካ ሌሎቹንም ማስተካከል አለብህ። እኔና አስተማሪዬ ብቻ ነበርን፤ ሄሊኮፕተሯም የሁለት ሰው ናት። ወደ ቀኝ ተንሸራተትንና የምታርፍበት ብረት ጭቃ ውስጥ ተሰካ። ማረሻ ሥር ሲይዘው ዕርፉ ከእጅ እንደሚፈናጠረው፣ እሷም በተሰካው እግሯ ላይ ዞረች። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ማንሻውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ወደ ላይ ከሳብከው ይብስባታል። አስተማሪዬ ዝቅ አደረገው፣ ግን አልደረሰም። ክንፏ መሬት መታና ተሰባበረ። በጎኔ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥዬ ነዳጅ ነዳጅ ሸተተኝ። አስተማሪዬ ሞተሩን አጠፋና በላይኛው በር ጎትቶ አወጣኝ። እሳት አልተነሳም። እሱንም ምንም አልነካው።

አሁን "አላልኩህም?" ልትል ነው። በል። ብቻ አንድ ነገር እኔም ልበል። ባለፈው ፋሲካ ሰንበቴ ላይ አንዱ ሰውዬ "መምህር፣ ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው?" አለኝ። ማስተማር ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ! አንተ ጠላህን እያየህ ዝም አልክ። ለሰዉ ሁሉ አሁንም መምህር ነው እያልክ እንደምታወራ ያን ቀን ገባኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ስመጣ መናኸሪያ ያልመጣኸውን ቆጥሬብህ አላውቅም፤ በሶውን በእህቴ ልከህልኛል፣ አመሰግናለሁ። ይሄኛው ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ሥራዬ እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

ጀሶው ሲፈታ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ተመልሼ እገባባታለሁ። ለእማዬ እጄን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው በልልኝ፤ ወይም እንደመሰለህ።

ለዓይንህ ብር በእህቴ በኩል ልኬያለሁ። አደራ፣ በሬ እንዳትገዛበት።

ልጅህ