«ሴድ» አይደለም፣ ሰዒድ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዝ ፐንክ ሮክ ሙዚቃ ያወጣችሁትን ረጅም ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ኤክስ ሬይ ስፔክስ ስለሚባለው ባንድ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አገኛለሁ ብዬ ስላልጠበቅኩ ደስ አለኝ። ያናደደችኝ አንዲት ቃል ናት። ጸሐፊያችሁ የባንዱን ድምፃዊት፣ የፖሊ ስታይሪንን፣ ሙሉ ስም «ማሪያን ጆን ኤሊየት ሴድ» ብሎታል። ሴድ!

ተራ የፊደል ግድፈት ቢሆን አልጽፍም ነበር። የእናንተን ግድፈት እየለቀምኩ ብልክማ ጡረታዬ ሁሉ በዚያው ባለቀ። ይሄኛው ግን ሰው ያጠፋ ግድፈት ነው። ስሙ ሰዒድ ነው፤ የልጅቷ አባት ሶማሌ ነበር። ይህን አባት ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፣ የለም። በምትኩ ያገኘሁት «የካሪቢያን ዝርያ ያላት» የሚል ነው። ከድንበራችን ወዲህም ወዲያም የሚኖር ሕዝብ ልጅ፣ በአንድ አረፍተ ነገር አትላንቲክን ተሻገረች። ጥቁር ሆና የካሪቢያን ስደተኞች በሚበዙበት የለንደን ሰፈር፣ ብሪክስተን፣ ካደገችማ ሌላ ከየት ልትመጣ ነው! ጸሐፊው ተገላገለ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ሶማሌ፣ ስሙም ሰዒድ ነበር፤ እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ለንደን ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል። ሐኪም ቤት ተራዬ ሲደርስ ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «ሚስተር ሴድ» ትላለች፣ ተነስቼ እገባለሁ። አንድ ቀን ሐሳብ ይዞኝ ሳልሰማ ቀርቼ ሰረዘችኝና ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። በእሷ አልፈርድም። በቋንቋዋ የሌለ ድምፅ ከየት ታምጣው? እናንተ ግን «ዐይኑ ዐ» የሚባል ፊደል አላችሁ። ሰዒድ የሚባል ባለሱቅ ወይ የክፍል ጓደኛ ያልነበረው የአማርኛ አንባቢስ የት ይገኛል?

ሴትዮዋን ያወቅኳት በማሸጊያ ፎም ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ብርጭቆ የሚታሸግበት መጋዘን ነበር። ነጩ ፎም እየተፈረፈረ ሹራብ ላይ ይጣበቃል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ ማታ ቤት ስገባ ወፍጮ ቤት የዋልኩ እመስል ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጠና ያለ እንግሊዛዊ ፎሙን እያፈሰ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፖሊ ስታይሪን» እያለ ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው ስጠይቀው በማግስቱ ሸክላ ይዞልኝ መጣ፤ የ1978ቱን አልበማቸውን (ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሽፋኑ ላይ የባንዱ አባላት እያንዳንዳቸው ትልልቅ የላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ቆመዋል። ልጅቷ የመድረክ ስሟን ከስልክ ማውጫ የንግድ ገጾች ላይ እንደመረጠች ያጫወተኝ እሱ ነው። ርካሽና ተጥሎ የሚረሳ የፕላስቲክ ስም ፈልጋ ነበር። ጸሐፊያችሁ ይህን በትክክል ጽፎታል። የፌዝ ስሟን ሳያዛንፍ አስፍሮ፣ ከአባቷ የወረሰችው ላይ ሲደርስ እጁ ከዳው። እኔ ራሴ ሙሉ ስሟን ያየሁት በሚያዝያ 2011፣ በ53 ዓመቷ ስትሞት በወጣው ዜና ነው። ሰዒድ የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

«ፐንክ የነጭ ጎረምሶች ቁጣ ነበር» የሚለው መደምደሚያም ከዚችው ከጠፋችው ፊደል የመጣ ነው። ብትኖር ኖሮ ጸሐፊው ትንሽ ይጠራጠር ነበር። ልጅቷን እናቷ፣ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ፣ ብሪክስተን አሳደገቻት። በ1976፣ ልክ 19 ዓመት በሞላት ቀን፣ ሄስቲንግስ ከተማ የባሕር ድልድይ ላይ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባለውን የፐንክ ባንድ አየችና ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥታ ባንድ ሰበሰበች። የጥርስ ብረቷን ሳትደብቅ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ሸመታ ዘፈነች፤ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 19ኛ ወጣ። ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ደግሞ፣ ዘረኛው የናሽናል ፍሮንት ፓርቲ ጎዳና ላይ በሚፎክርበት ዘመን፣ ዘረኝነትን በመቃወም ከትራፋልጋር አደባባይ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ቪክቶሪያ ፓርክን ሲሞላ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ መድረክ ላይ ወጣች። «ዘ ክላሽ» ከሚባለው የፐንክ ባንድ ጋር፣ የበርሚንግሃሙ የሬጌ ባንድ ስቲል ፐልስም ባለበት። ጎረምሶቹ እነማን እንደሆኑ ጸሐፊው ይንገረኝ።

«ሳክስፎን ለፐንክ ባዕድ ነው» የምትለዋንም አላለፍኳትም። የባንዱ የመጀመሪያ ሳክስፎን ነፊ ሎራ ሎጂክ ገና ተማሪ ነበረች። ለመሆኑ የእኛው ሳክስፎን ነፊ ጌታቸው መኩሪያ በ2006 የወጣውን «ሞዓ አንበሳ» አልበም የቀረፀው ከማን ጋር ነው? ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ጋር። ይህን የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ከእኔ መስማት የለበትም።

ድሬዎች አንቱታ አንችልበትም ይባላል። እስካሁን «እናንተ» ያልኩት በግድ ነው፤ ደብዳቤው ከዚህ ከረዘመ ወደ «አንተ» መውረዴ አይቀርም። ስለዚህ እርማቱን ልንገራችሁ፦ «ሴድ» የሚለው ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ ጽሑፉ መሐል፣ አንዱ ፎቶው ግርጌ። ሁለቱንም ሰዒድ በሉት። «ካሪቢያን» የሚለውን አውጥታችሁ «ሶማሌ» አስገቡ። ቦታ አይፈጅባችሁም፣ እንዲያውም ያጥራል።

የሰዒድ ልጅ፣
ከደቡብ ለንደን