የቃኘው ሻለቃ ሰማዕታትን የማሰቢያ ቀን፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ድሬዳዋ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን በኮሪያ ጦርነት የተሰዉትን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከልጆቻችሁ ጋር እናስባለን። በደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር በየዓመቱ በዚሁ ዕለት፣ በእነሱ ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት፣ የአንድ ደቂቃ ጸሎተ ኅሊና ይደረጋል። በእኛ ገና ከሌሊቱ 11፡00 ስለሆነ ትምህርት ቤታችን ከጠዋቱ 2፡00 ያደርገዋል። ተማሪዎች ቡሳን ወዳለችበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ።

ጉዳዩ ለከተማችን ሩቅ አይደለም። ቃኘው የሐረር ገዥ የነበሩት የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፤ የመጀመሪያው ሻለቃም ሚያዝያ 1943 ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚሁ በድሬዳዋ በሚያልፈው ባቡር ነበር።

ለልጆቻችሁ ስታስረዱ አንድ ነገር እንዳይሳሳት አደራ። የእኛዎቹ የተቀበሩት ቡሳን አይደለም። አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ቡሳን ያለው ስማቸው ነው፤ ከ40,000 በላይ ስሞች በተቀረጹበት የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከሌሎች አገሮች ሟቾች ጋር ሰፍሯል። ይህን ሳያውቁ መቃብር ፍለጋ ቡሳን የሚሄዱ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ከቤተሰባችሁ የተሰዋ ካለ ስሙን እናነባለንና ላኩልን። በግድግዳው ላይ ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ «ኃይሌ» ብቻ እንኳ በተለያየ አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል፤ በአባት ስም ብቻ መለየትም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ እስከ አያት፣ ከማዕረጉና ከዘመተበት ሻለቃ (1ኛ፣ 2ኛ ወይም 3ኛ ቃኘው) ጋር ይጻፍ። ፎቶግራፍ ካለ ቅጂውን እንጂ ዋናውን አትስጡ። ኒሻንም ቤት ይቆይ፤ በልጅ ቦርሳ የሄደ ሁልጊዜ አይመለስም።

ጸሎተ ኅሊናው ዝምታ ብቻ ነው፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም በየልቡ የሚያደርገው ነውና የሃይማኖት ሥርዓት የለበትም። ስሞቹ ሲነበቡ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ሲቆሙ ይደክማሉና። ሁሉም ቁርስ በልቶና ውኃ ይዞ ይምጣ። አበባ የምትልኩ ከሆነ ጠዋት ተቀጥፎ ግንዱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ማታ የተቀጠፈ በእኛ ሙቀት ጠውልጎ ይደርሳል። ፕላስቲክ አበባ አንቀበልም።

ስሞቹን እስከ ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን ለክፍል ኃላፊ መምህራን አድርሱ። ራሳችሁ መገኘት የምትፈልጉ 1፡45 ላይ በዋናው በር እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር